ቄስ ነበሩ

አባቴ ቄስ ነበሩ ስል ሰው ሁሉ "ነፍስ ይማር" ይለኛል። አባቴ ግን አልሞቱም። ይህን ስጽፍ ከማንኩሳ ወዲያ ባለችው መንደራችን ወይ በርበሬያቸውን ይኮተኩታሉ፣ ወይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ተቀምጠዋል። "ነበሩ" የምለው ቅስናቸው ቀርቶ እሳቸው ስላሉ ነው። መጀመሪያ ሰሞን "ኧረ በሕይወት አሉ" እያልኩ አስረዳ ነበር። ያን ጊዜ ሰውየው ቅንድቡን ከፍ አድርጎ "ታዲያ ለምን ነበሩ አልሽ?" ይለኛል። አንድ ቀን ከቡሬ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ነፍስ ይማር ልጄ" ሲሉኝ "አሜን" አልኩ። በቁማቸው ላሉት አባቴ ነፍስ ይማር ተቀበልኩላቸው። ሴትዮዋ ሌላ ነገር እንዳይጠይቁኝ ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ መጣሁ።

የከተማ ሰው ላያውቀው ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የሚያገባው አንድ ጊዜ ነው። ሚስቱ ብትሞትበት ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ብቻውን ይኖራል። ሁለተኛ ካገባ መስቀሉን ያስቀምጣል፣ ከመቅደስ ይወጣል፣ እንደማንኛውም ምእመን ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው "ፈረሰ" ይሉታል። ቤት እንደሚፈርስ፣ አጥር እንደሚፈርስ፣ ቄስም ይፈርሳል።

እናቴ የሞተችው በክረምት ነው። ከተዝካሯ በኋላ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሄደና አባቴ ከአንዲት ላምና ከሁለት በሬዎቻቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። እኔ አንድ ልጃቸው ነኝ፤ ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ተቀጥሬ አማርኛ አስተምር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ሄጄ የማገኘው ነገር ግን ከሳምንት ሳምንት እየከፋ ሄደ። በመጀመሪያው ወር የጎረቤት ሴቶች በየተራ ምግብ ያመጡላቸው ነበር። ሰው የራሱ ኑሮ አለበትና ኋላ እየሳሱ ሄዱ። በጾም ቀን ቀድሰው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲመጡ የሚጠብቃቸው የቀዘቀዘ ምድጃ ነው። ለቅዳሴ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ ወንዝ ወርደው ራሳቸው ያጥቡ ነበር፤ ውኃ የሚቀዱ ልጃገረዶች እያዩ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ሰውነታቸው አለቀ። ጥምጥሙ ራሳቸው ላይ የከበደ ይመስል ነበር።

እኔ ዘንድ አምጥቼ ላኖራቸው ሞከርኩ። መጡም። በራፌ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ባጃጁንና ጋሪውን ሲያዩ ይውላሉ። የግቢው ሰው ሁሉ ሲገባና ሲወጣ መስቀላቸውን ይሳለማል፤ እኔም በዚያ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት ሰንብተው ከብቶቹን ሰበብ አድርገው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ሳይነግሩኝ መጡ። ያበጀሁላቸውን ምሳ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ከዚያ "አንድ ነገር ላማክርሽ" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ቃላቸውን አረሙ፦ ማማከር እንኳ አይደለም፣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው አሉ።

"ልፈርስ ነው።"

ያለፈው ክረምት የቤታቸው ግድግዳ በአንድ ወገን አዘንብሎ ነበርና የቤቱን ነገር የሚነግሩኝ መሰለኝ። "ግድግዳው ባሰበት እንዴ አባየ?" አልኳቸው።

"ግድግዳውስ ይደገፋል። እኔ ነኝ" አሉ።

ሊያገቧት ያሰቧት ሴትዮ በቡሬ በኩል ካለች መንደር የመጣች ባሏ የሞተባት እንደሆነች፣ ልጆቿም አድገው በየቦታው እንደሄዱ፣ አፏ ቁጥብ እንደሆነ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው። የማስበው ስለ ራሴ ነበር። የቄስ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ያላየው አያውቀውም። በልጅነቴ ማኅበር ቤት ስገባ ከልጅ ሁሉ በፊት ይቆረስልኝ ነበር። ፍኖተ ሰላም ስመጣ ቤት አከራዬ ያለ ዋስ ቁልፉን የሰጡኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀው ነው። ሰው ፊት ቀና ብዬ የምሄድበት ነገር የእኔ እንዳልሆነ፣ ከአባቴ እጅ የተዋስኩት እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሰው ምን ይላል?" አልኳቸው። የሚለውን ይላል ብለው ተነሡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መንደር ስደርስ አክስቴን፣ የእናቴን ታላቅ፣ ቤት ውስጥ አገኘኋት። ወሬው ደርሷት በእግሯ መጥታለች። የእህቷን ቦታ ሌላ ሴት ልትወስድ ነው ብላ የተቆጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የመጣችው በሌላ ሐሳብ ነው። ሴትዮዋ በሠራተኛነት ትግባ አለች። ቤት የሚይዝለት ሰው የማይቀጥር ማን አለ? ላሟን ታልባለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ሰውም ደግ አደረጉ ይላል። ከዚያ በኋላ በሩ ሲዘጋ ያለውን እግዜር ብቻ ያየዋል፤ ስንቱ እንዲህ አይደለም ወይ የሚኖረው? እህቴ በሰላም ያረፈችው የቄስ ሚስት ሆና ነው፣ ስሟን አያውርዱባት አለቻቸው። ስትናገር ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ አንድ ጊዜም ፈረሱ የሚለውን ቃል አላነሣችም።

አባቴ እስክትጨርስ ሰሟትና ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ እንዲህ ትያለሽ?" አሉኝ።

መሬት መሬቱን እያየሁ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አክስቴ እንዳለችው ቢሆንም ክፋት የለውም መሰለኝ አልኩ። ልቤ ግን መስሎት ሳይሆን እየለመነ ነበር። እሺ ቢሉ፣ ቢደብቁት፣ እኔም እንደ ድሮዬ ብሆን።

አባቴ ሲያዩኝ ይሰማኛል፤ ቀና ለማለት ግን አልቻልኩም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ያፈሩት በእኔ ነበር።

"መስቀል ይዤ ከምዋሽ ባዶ እጄን እውላለሁ" አሉ።

ለቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ነግረው መስቀሉንና ልብሱን አስረከቡ። ያላሰብኩት ግን የንስሐ ልጆቻቸውን ነገር ነው። አባቴ የብዙ ቤት የንስሐ አባት ነበሩ። ሌላ ሰው እስኪነግራቸው አልጠበቁም፤ በየቤቱ እየዞሩ ሌላ አባት ያዙ እያሉ ራሳቸው ተሰናበቱ። ወደ አንዱ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ባልሄድ እወድ ነበር፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር ግን ብቻቸውን ልለቃቸው አልሆነልኝም። ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ነገሩን ሲሰሙ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ሚስቲቱ ግን የልባቸውን ጠየቁ።

"እንግዲህ መምሬ፣ ኃጢአታችንን ሁሉ ይዘው ወዴት ይሄዳሉ?"

"ይዤው እሞታለሁ እመቤቴ። እሱ አይፈርስም" አሉ አባቴ።

ሚስቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ጠላ ቀዱላቸው። እኔ በሩ ጋ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቆሜ ነበር። ስንወጣ ሚስቲቱ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ሊሳለሙ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ትዝ አላቸውና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አባቴ ያን የተዘረጋ እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ከዚያ ወዲህ ሰው እንዴት ብሎ እንደሚጠራቸው ጠፋው። "መም…" ብሎ ይጀምርና ቀሪውን ይውጠዋል። አያ እንዳይል መምሬ ማለት ለምዷል፤ በስማቸው እንዳይጠራ ሽማግሌ ናቸው። ብዙው ሰው "እንደምን ዋሉ" ብቻ ብሎ ማለፍ መረጠ።

ሠርግ አልነበረም። ሴትዮዋ አንድ ቀን ከወንድሟ ጋር ዕቃዋን በአህያ ጭና ገባች ሲሉ ሰማሁ። እኔ ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ከዚያም ሌላ ምክንያት አገኘሁ፣ ከዚያም ሌላ። ስልክ ሲሠራ እደውላለሁ፤ ደህና ነኝ ይሉኛል፣ ደህና ነኝ እላለሁ።

መንደሩን ብሸሸውም ነገሩ ተከትሎኝ መጣ። አንድ ቀን ለሥራ ማንኩሳ ሄጄ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ስለ አባቴ ያወራሉ። ስማቸውን አልጠሩም፤ ግን የእኛን ደብር ጠሩ። አንደኛው "ቤታቸው እንዳይፈርስ እሳቸው ፈረሱ" አለ። ሁለተኛው ሣቀና እስቲ ድገመው አለው፤ ያም ደገመለት። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ እንደ ጥሩ ጠጅ አፉ ላይ ያቆየዋል። እኔ ቅኔ ከሚወድ ቤት ነው የወጣሁት፤ ነገሩን አገላብጬ አየሁት። ስድብ ነው? ሰውየው ምስጋናም በውስጡ አስቀምጦ ይሆን? ዞሬ ልጠይቀው አልችልም፤ ልጃቸው ነኝ ማለት ሊኖርብኝ ነው። ነጠላዬን ሳብኩና ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ።

የባሰው ግን የመጣው በክፍሌ ውስጥ ነው። የደረስንበት ትምህርት ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሁኔታ መለወጥን የሚያሳዩ ቃላት የሚል ነበር። ይህን ትምህርት እወደው ነበር። ሰሌዳው ላይ "ሆነ" ብዬ ጻፍኩና ይህ ቃል ሁሉን ቻይ ነው፣ ሰነፍ ሁሉ እሱን ይጠራል አልኳቸው። ቀይ ሆነ ከምትሉ ቀላ በሉ፤ ጥቁር ሆነ ከምትሉ ጠቆረ በሉ፤ አማርኛ ለእያንዳንዱ ለውጥ የራሱን ቃል አበጅቶለታል። ልጆቹ እጃቸውን እያወጡ ዓረፍተ ነገር ሰጡኝ። ወተቱ ረጋ። ሊጡ ቦካ። በርበሬው ቀላ። የአያቴ ፀጉር ሸበተ። ጭቃው ደረቀ። ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ ከእነዚህ ውስጥ ወደ ነበረበት የሚመለሰው የቱ ነው፣ የማይመለሰውስ? ብዬ ጠየቅኩ። የደረቀ ጭቃ ዝናብ ሲመታው ይርሳል፤ የረጋ ወተት ግን መልሶ ወተት አይሆንም አሉ። ክፍሉ ሞቀ።

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። በእኛ በኩል ካለ ገጠር የመጣች፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ማለት ይቻላል።

"ቄሱ ፈረሱ። ይኼም አይመለስም" አለች።

የማን ልጅ እንደሆንኩ የምታውቅ አይመስለኝም። ፊቷ ላይ ያየሁት ጥሩ መልስ ያገኘ ተማሪ ደስታ ብቻ ነው። አንዱ ቄስ ግንብ ነው እንዴ ብሎ ክፍሉን አሣቀው። የገባቸው ላልገባቸው ማስረዳት ጀመሩ፤ አንዱ ደግሞ በእኛ አገር በቅርቡ እንዲህ ያደረጉ አሉ ብሎ ወሬውን ጀመረ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ ለዚያች ዓረፍተ ነገር የሚሆን ሰፊ ቦታ ነበር።

"ይህ ምሳሌ አይሆንም" አልኩ ሳልዞር። ቅስና ሥራ ነው፣ ሥራ መልቀቅ ደግሞ የሁኔታ ለውጥ አይባልም ብዬ የማላምንበትን ሰዋስው አስተማርኩ። ስዞር ልጅቷ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን በላጲስ ታጠፋ ነበር። በዚያ ክፍለ ጊዜ ከተሰጡት ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጠው የእሷ እንደነበር አውቃለሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላወጣችም፤ እኔም ጠርቼ አልጠየቅኳትም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ወደ መንደር ሄድኩ። ልጅቷ ላከችኝ ማለት አልችልም፤ ግን ቤቴ ተቀምጬ መዋል አቃተኝ።

ግድግዳው ቀንቷል። አዲስ ምሰሶ ገብቶለት፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ደጃፉ ላይ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። ሴትዮዋ በርበሬውን ስታገላብጥ አገኘኋት። እንደ እናቴ ቁመተ ረጅም አይደለችም፤ አጠር ያለች፣ እጇ ሰፊ ሴት ናት። ስታየኝ ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በዕድሜ ልጅዋ እሆናለሁ፤ እሷ ግን በአንቱታ ተቀበለችኝ።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ። አባትዎ ከብት ሊያጠጡ ወርደዋል" አለች።

አንቺ በይኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያቀረበችልኝን በላሁ፣ ዓይኔም ቤቱን ሲዞር ቆየ። የእናቴን አገልግል ከነበረበት አላነሣችውም፤ አቧራው ግን ተጠርጓል። አባቴ ሲመጡ ባርኔጣ አድርገው ነበር። ያለ ጥምጥም ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ግንባራቸው ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ መስመር አለ፤ ከሥሩ ያለው ፊታቸው ግን ሞልቷል። ደህና ሰው መስለዋል። ይህም አሳፈረኝ። ሳይፈርሱ በነበሩ ጊዜ ሲያልቁ እያየሁ ኮርቼባቸው ነበርና።

በማግሥቱ እሑድ ሦስታችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባቴ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ከወንዶቹ ጋር ከውጭ ግንብ ሥር ቆሙ። ያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱበት ደብር ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ የዕለቱ ቀዳሽ መስቀሉን ይዞ ወጣና ሰው ሊሳለም ተሰለፈ። ቀዳሹ ወጣት ቄስ ነው፤ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዳዊት ያስደገሙት አባቴ ናቸው፤ አሁን የንስሐ አባታቸው እሱ ሆኗል። ተራቸው ሲደርስ አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

"ያሳልሙኝ አባቴ" አሉት። አንተ ሲሉት የኖሩትን ልጅ።

ወጣቱ መስቀሉን ወደ ደረቱ መለሰው። ፊቱ ደም ለበሰ። "የኔታ፣ እኔ እንዴት…" አለ በለሆሳስ። ከኋላ ያለው ሰው አንገቱን ማስገግ ጀመረ። እኔ ከሰልፉ ወጥቼ ከሴቶቹ ኋላ ተሸሸግኩ። ምድር ብትከፈት እገባ ነበር።

አባቴ ግን ቀና አላሉም።

"ይባርኩኝ እንጂ፤ ሰው ቆሟል" አሉት።

ያን ጊዜ መስቀሉ ግንባራቸውን ነካ፣ ከዚያም ከንፈራቸውን። ሴትዮዋን ፈለግኳት። ከሰልፉ አልወጣችም፤ ነጠላዋን ከፊቷ አንሥታ ባሏን እያየች ተራዋን ትጠብቃለች።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ስለ ወጣቱ ቄስ አወሩኝ። ድምፁ መልካም ነው፣ ግን ይቸኩላል፤ ዜማውን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ይዘላል አሉ። ታዲያ ለምን አይነግሩትም? አልኳቸው።

"አሁንማ የሚነግረኝ እሱ ነው" አሉና ፈገግ አሉ።

ከሰዓት በኋላ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ድሮ ሲሰናበቱኝ በመስቀላቸው ነበር፤ ግንባሬንና አፌን አስነክተው "በሰላም ግቢ" ይሉኛል። ጉንጬን ስመውኝ አያውቁም ነበር። ሚኒባሱ ሲቆም እንደማንኛውም ሰው አባት ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ግራና ቀኝ ጉንጬን ሳሙኝ። ጢማቸው ወጋኝ። እኔ በዚያች ቅጽበት የሚያውቀን ሰው አይቶን እንደሆነ በመስኮቶቹ ውስጥ ተሳፋሪዎቹን ቃኘሁ። የሚያውቀን አልነበረም። ረዳቱ ቶሎ ግቢ አለኝ። ገብቼ ስቀመጥ፣ የቃኘሁበት ዓይኔ አቃጠለኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሳቸው ሚኒባሱ እስኪነሣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ነበር።